ለአብራሪው አራት ሰከንድ የሰጠው ማነው?

ከዓመታት በፊት በአንድ የካሳ ክርክር ላይ የገጠመኝ ነገር ዛሬም ትዝ ይለኛል። አንደኛው ወገን ያቀረበው ባለሙያ ወፍራም የኮምፒዩተር ወረቀት ይዞ ቀረበና የጉዳቱን መጠን እስከ ሳንቲሙ ድረስ አነበበ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ይህ ቁጥር ከየት መጣ?" ሲሉ ጠየቁት። "ኮምፒዩተሩ ያወጣው ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት" አለ። ዳኛው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ "እንግዲያው ኮምፒዩተሩ ይጠራልን" አሉ። ችሎቱ ሳቀ። ባለሙያው ግን አልሳቀም፤ ለምን እንደተሳቀም የገባው አልመሰለኝም።

በሕግ ሙያ ውስጥ ላለን ሰዎች ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። ሰው ሲመሰክር መስቀለኛ ጥያቄ ይቀርብለታል። የት ቆመህ አየህ? አልጨለመም ነበር ወይ? ከተከሳሹ ጋር ቅያሜ የለህም ወይ? ይባላል። የኮምፒዩተር ሞዴል ግን በየባንኩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየአማካሪ ድርጅቱ ሳይምልና ሳይጠየቅ ሲመሰክር ይውላል። "ሞዴሉ የሚያሳየው ይህንን ነው" ከተባለ ስብሰባው አለቀ ማለት ነው። ደፍሮ "እንዴት?" የሚል ቢገኝ እንኳን ሒሳብ እንደማያውቅ ተቆጥሮ በትህትና ይታለፋል። እኔም ብዙ ጊዜ በትህትና ታልፌያለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ሞዴል ምን እንደሆነ በቀላል አማርኛ ላስቀምጥ። ሞዴል ከእውነተኛው ዓለም የተወሰነውን ብቻ ወስዶ በቁጥርና በቀመር የተሠራ ምስል ነው። ሲሙሌሽን ደግሞ ያንን ምስል በኮምፒዩተር እያንቀሳቀሱ "እንዲህ ቢሆን ምን ይፈጠራል?" ብሎ መሞከር ነው። ስሌቱን ማሽኑ ይሠራዋል፤ በእርሱ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ማሽኑ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሰው የሚያስገባቸው፣ ሁልጊዜ ተለክተው ያልተገኙ፣ "እንዲህ ነው እንበል" ተብለው የተያዙ ነገሮች አሉ። ባለሙያዎች ታሳቢ ይሏቸዋል። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እነዚህ ታሳቢዎች ነው።

የታሳቢን ጉልበት እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም ቀድመን ልናውቀው ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብፅ የሕዳሴው ግድብ በታችኛው ተፋሰስ ላይ የሚያደርሰውን ተፅዕኖ በውኃ ሞዴል እንዲያጠኑ ሁለት የፈረንሣይ አማካሪ ድርጅቶችን ቀጥረው ነበር። ጥናቱ ገና ከመግቢያው፣ ማለትም በመነሻ ሪፖርቱ ላይ፣ በኖቬምበር 2017 ካይሮ ላይ ተሰናከለ። የተጣሉት በሒሳቡ አልነበረም። ሒሳቡማ አልተጀመረም። ጠቡ "ጉዳት" የሚለካው ከየትኛው መነሻ ነው በሚለው ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን ያለ እኛ የተከፋፈሉት የውኃ መጠን እንደ መነሻ ከተያዘ፣ የዓለም ምርጡ ኮምፒዩተር ቢቀርብ ኢትዮጵያን ጥፋተኛ ማድረጉ አይቀርም። በእኛ በኩል የነበሩ ባለሙያዎች ይህንን በጊዜው አይተው እምቢ አሉ። ግድቡም ተጠናቆ በሴፕቴምበር 2025 ተመረቀ።

እዚያ ቢያንስ ሦስት መንግሥታት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ታሳቢው ምን እንደሆነ አውቀው ነው የተከራከሩት። ከጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጥ ሰው ሳይኖር ሲቀር የሚሆነውን ደግሞ በዚያው በእኛ ምድር አይተነዋል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302፣ ስድስት ደቂቃ ያህል ብቻ አየር ላይ ቆይቶ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ጊምቢቹ ወረዳ ውስጥ ወደቀ። 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች፣ በድምሩ 157 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑ አዲስ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ከአምስት ወራት ባነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 29 ቀን 2018፣ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ንብረት የሆነ ተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰዎችን ይዞ ባሕር ውስጥ ገብቷል።

የቴክኒኩ ነገር ብዙ ስለተባለበት በአጭሩ ልለፈው። የማክስ ሞተሮች ከቀድሞዎቹ 737 ሞተሮች ተልቀው ወደፊትና ወደ ላይ ስለተገጠሙ፣ በአንዳንድ ሁኔታዎች የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከሚፈለገው በላይ ወደ ላይ የማለት ባሕርይ አመጣ። ይህንን ለማረም ቦይንግ ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር አስገባ። ኤምካስ ከአንድ ጠቋሚ መሣሪያ ብቻ በሚያገኘው መረጃ ተመሥርቶ፣ አብራሪው ሳያዘው፣ የጭራውን አግዳሚ ክንፍ እያንቀሳቀሰ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋል። በእኛ አውሮፕላን ላይ በግራ በኩል ያለው ጠቋሚ 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15.3 ነበር የሚለው። ሶፍትዌሩ የተሳሳተውን አመነ።

አሁን ወደ ታሳቢው ልምጣ። ኤምካስ በስህተት ቢነሣ ምን ይሆናል? የሚለው ጥያቄ ቦይንግ ውስጥ ተጠይቋል፤ አልተዘነጋም። መልሱ አብራሪው ችግሩን ለይቶ በቶሎ ያርመዋል የሚል ነበር። በምን ያህል ጊዜ? የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መመሪያ በሚፈቅደው መሠረት፣ በአራት ሰከንድ ውስጥ። አደጋው ምን ያህል ከባድ ነው? ጠቋሚው አንድ ይሁን ሁለት? አብራሪዎች ልዩ ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል ወይ? የእነዚህ ሁሉ መልስ የቆመው በዚህች አራት ሰከንድ ላይ ነው። አብራሪው በአራት ሰከንድ የሚደርስ ከሆነ የኤምካስ ስህተት እንደ ቀላል እንከን ይቆጠራል፤ ካልደረሰ አውሮፕላን የሚያጠፋ ነው።

የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ በሴፕቴምበር 2020 ያወጣው ሪፖርት ከሚዘረዝራቸው ነገሮች ውስጥ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012፣ አውሮፕላኑ ገና በወረቀት ላይ ሳለ፣ ከቦይንግ የራሱ የሙከራ አብራሪዎች አንዱ ይህንኑ ሁኔታ በሲሙሌተር ሲሞክር ምላሽ ለመስጠት ከአሥር ሰከንድ በላይ ፈጀበት። ያገኘውንም ሁኔታ "አውዳሚ" ሲል መደበው። ይህ ሰው ችግሩ እንደሚመጣ የሚያውቅ፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ፣ ሙያው መፈተን የሆነ አብራሪ ነው። ውጤቱ በኩባንያው ሰነድ ላይ ሰፈረ። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ግን አልተነገረም። አራት ሰከንዷም እንዳለች ቀጠለች።

እዚህ ላይ ሲሙሌተሩ አልዋሸም። እውነቱን ተናግሯል። አድማጭ ነው ያጣው።

ሌላም አለ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በሴፕቴምበር 2019 እንዳስታወቀው፣ ቦይንግ የኤምካስን ያልታዘዘ እንቅስቃሴ በሲሙሌተር ሲፈትን የእንቅስቃሴውን መዘዝ እንጂ መንሥኤውን አልፈተነም። ይኸውም ጠቋሚው ሲበላሽ ኤምካስ ብቻውን አይመጣም፤ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ የፍጥነት መለኪያዎቹ ይለያያሉ፣ የከፍታ መለኪያዎቹ ይለያያሉ፣ ማስጠንቀቂያው ከየአቅጣጫው ይጮኻል። በሙከራው ክፍል ውስጥ ይህ ሁሉ ጩኸት አልነበረም። አራት ሰከንድ የተሰጠው አብራሪ ጸጥታ ውስጥ የሚበር አብራሪ ነው። የእኛ ካፒቴንና ረዳቱ ግን ከመሬት ከተነሡበት ቅጽበት ጀምሮ የነበሩት ጩኸቱ ውስጥ ነው።

ሕግ የተማርኩ ሰው በመሆኔ ይህ አብራሪ አንድ የማውቀውን ሰው ያስታውሰኛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጥፋትን የሚመዝነው "አስተዋይ ሰው በዚያ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?" ብሎ ነው። ያ አስተዋይ ሰው በሥጋ የለም፤ ዳኞች የፈጠሩት ነው። የመሐንዲሶቹም አብራሪ በሥጋ የለም። ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው። ዳኛው አስተዋዩን ሰው የሚቀርጸው ሁለት ወገን ፊቱ ቆሞ ሲከራከር ነው። አንዱ "እንዲህ ማድረግ ነበረበት" ሲል ሌላው "በዚያ ጨለማ፣ በዚያ ዝናብ ማን ይችላል?" ይላል። ከዚያም ፍርዱ ተጽፎ ለይግባኝ ይቀርባል። የመሐንዲሶቹ አብራሪ ግን የተቀረጸው ተከራካሪ በሌለበት ክፍል ነው። አዲስ አበባም ሆነ ጃካርታ ውስጥ ያሉት አብራሪዎች በስማቸው ቃል ሲገባላቸው አልሰሙም። ቃል ገብተው እንዳልጠበቁ የተነገራቸው ከሞቱ በኋላ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው። በኖቬምበር 2016 የኩባንያው ዋና የቴክኒክ አብራሪ ለባልደረባው በላከው መልእክት ኤምካስ በሲሙሌተሩ ውስጥ ከቁጥጥር ውጪ እንደሆነበት ጽፎ ነበር። መልእክቱ በኦክቶበር 2019 ለሕዝብ ሲወጣ የኩባንያው ማብራሪያ፣ ሰውየው ያስቸገረው የሲሙሌተሩ ፕሮግራም በአግባቡ ባለመሥራቱ ነው የሚል ሆነ። ማብራሪያው እውነት ሊሆን ይችላል። ሰውየውም ተከሶ በማርች 2022 በቴክሳስ የዳኝነት ጉባዔ ነፃ ወጥቷልና አሁን በእርሱ ላይ ጣት አልቀስርም። ነገር ግን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ሲሙሌተሩ ሰላም ነው ሲል ማስረጃ ሆነ፣ አደጋ አለ ሲል ደግሞ ብልሽት ሆነ።

የገንዘቡ ነገርም ሳይጠቀስ አይታለፍም። ቦይንግ ማክስን የሸጠው የቀድሞውን 737 የሚያበር ሰው በሲሙሌተር መሠልጠን አያስፈልገውም እያለ ነው። ለአንድ ትልቅ የአሜሪካ አየር መንገድ እንዲያውም የሲሙሌተር ሥልጠና የሚያስፈልግ ከሆነ በእያንዳንዱ አውሮፕላን ላይ አንድ ሚሊዮን ዶላር እንደሚቀንስ በውል ገብቶ ነበር። ላየን ኤር በ2017 አብራሪዎቼን በሲሙሌተር ላሠልጥን ብሎ ሲጠይቅ እንዲተወው ተደረገ። አየር መንገዳችን የማክስ ሲሙሌተር ነበረው፤ ሲሙሌተሩ ግን የኤምካስን ብልሽት እንዲያሳይ ተደርጎ የተሠራ እንዳልነበረ ያኔውኑ ተናግሯል። በሜይ 2019 ደግሞ ቦይንግ ራሱ የማክስ ሲሙሌተሮች ሶፍትዌር ጉድለት እንደነበረበትና አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል ማሳየት እንደማይችል አመነ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ የክንፉን ማስተካከያ መንኮራኩር በእጅ ለማዞር የሚጠይቀው ጉልበት ነው። የእኛ አብራሪዎች የኤሌክትሪክ ማብሪያውን ዘግተው በእጃቸው ሊያዞሩት የሞከሩት፣ አልዞርም ያላቸውም፣ ይኸው መንኮራኩር ነው።

እስከዚህ ድረስ ስለ አንድ የተሳሳተ ታሳቢ ነው የጻፍኩት። ቀጥሎ ያለው ግን የባሰ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እዚህ ሞዴሉ አስጠንቅቋል።

ከላየን ኤር አደጋ በኋላ፣ በዲሴምበር 2018 መጀመሪያ፣ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ታራም በተባለ የስጋት ማስሊያ ሞዴል አንድ ስሌት ሠራ። ኤምካስ ሳይስተካከል ቢቀርና ወደፊት ይመረታሉ የተባሉት ማክሶች ሁሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቢበሩ ስንት ይወድቃሉ? ሞዴሉ 15 ያህል አለ። በሁለት በሦስት ዓመት አንድ እንደማለት ነው። እዚህም ውስጥ ታሳቢ ነበረ፤ ከ100 የበረራ ቡድኖች 99ኙ አዲሱን መመሪያ ተከትለው በአሥር ሰከንድ ውስጥ በትክክል ምላሽ ይሰጣሉ የሚል። በዚህ ሁሉ ለጋስ ታሳቢ እንኳን ውጤቱ 15 ነው።

መሥሪያ ቤቱ አውሮፕላኖቹን አላሳገደም። ቦይንግ በጥቂት ወራት ውስጥ ማስተካከያውን ያደርሳል፣ እስከዚያ ያለው ስጋት የሚቻል ነው ተባለ። ስሌቱ ለሕዝብ የተገለጠው በዲሴምበር 11 ቀን 2019 በምክር ቤቱ ችሎት ፊት ነው፤ የእኛ ሰዎች ከሞቱ ከዘጠኝ ወራት በኋላ።

ሒሳብ የሚያውቁ ወዳጆቼ እዚህ ላይ ያቆሙኛል። "ሞዴሉ በሁለት በሦስት ዓመት አንድ አለ እንጂ በአምስት ወር ውስጥ አይሆንም አላለም፤ አንድ አደጋ ቀድሞ ስለመጣ ስሌቱ ስህተት ነበር አይባልም" ይሉኛል። ልክ ናቸው። እኔም ስህተት ነበር አላልኩም። የእኔ ጥያቄ "የሚቻል ስጋት" የሚለውን ቃል ማን በማን ስም ተናገረ የሚል ነው። ስንት ሰው ቢሞት ይቻላል የሚል መልስ ከቀመር አይወጣም። ያ ውሳኔ ነው፤ ውሳኔ ደግሞ ወሳኝ አለው። ያን ዕለት ቦሌ ላይ ወረፋ የያዘ መንገደኛ ስሌቱን ቢያውቅ ኖሮ ይሳፈር ነበር? ይሳፈር ይሆናል። የመምረጥ መብቱ ግን የእርሱ ነበር።

በሐቅ ለመናገር የሌላውንም ወገን ክርክር ማስቀመጥ አለብኝ። የኢትዮጵያ መርማሪ ቢሮ የመጨረሻ ሪፖርቱን በዲሴምበር 2022 ሲያወጣ የአሜሪካና የፈረንሣይ መርማሪዎች በከፊል አልተስማሙም። የጠቋሚው ብልሽት መነሻ ወፍ ሳይሆን አይቀርም አሉ፤ የእኛ ሪፖርት ከአመራረት ጋር የተያያዘ የኤሌክትሪክ ችግር ነው ሲል። ሪፖርታችን የበረራ ቡድኑን ሥራ በበቂ አልመረመረም፣ ሞተሩ በመነሻ ኃይሉ ላይ እንዳለ መቅረቱና ፍጥነቱ መጨመሩ በሚገባ አልተመዘነም የሚል ነቀፋም አቅርበዋል። ክርክሩ ተገቢ ክርክር ነው፤ በብሔራዊ ስሜት ብቻ ልናጣጥለው አይገባም። ቢሆንም የአብራሪው ድክመት ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ እኔ የምጠይቀው ከየትኛው አብራሪ ጋር ተመዝኖ ነው የሚለውን ነው። ከ2012ቱ የሙከራ አብራሪ ጋር ከሆነ እርሱም አሥር ሰከንድ አልፎበታል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ሞዴልና ሲሙሌሽን ይቅርብን ማለቴ እንዳይመስል። ሞኝነት ነው የሚሆነው። አውሮፕላን እያወደቁ ደኅንነቱን መፈተን አይቻልም። በጁን 2019 የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አብራሪዎች በሲሙሌተር ሲፈትኑ በበረራ ኮምፒዩተሩ ላይ ሌላ ችግር አገኙ፤ ማንም ሳይሞት ተስተካከለ። ማክስ በኖቬምበር 2020 እንዲበር ሲፈቀድም አብራሪዎች በሲሙሌተር መሠልጠናቸው ግዴታ ሆነ። አየር መንገዳችንም በፌብሩዋሪ 2022 ማክስን መልሶ ማብረር ጀምሯል፤ እኔም ተሳፍሬበታለሁ። መጀመሪያ ላይ ልቤ መምታቷን አልክድም።

ክሱስ የት ደረሰ? በጃንዋሪ 2021 ቦይንግ ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት አደረገና ክሱ ታገደለት። ከገንዘቡ 500 ሚሊዮኑ ለሟች ቤተሰቦች፣ 1.77 ቢሊዮኑ ለአየር መንገዶች ነበር። በኋላ ስምምነቱን ጥሷል ተባለ፤ ጥፋተኛ ነኝ ሊል ተስማማ፤ ዳኛው በዲሴምበር 2024 ያንን ስምምነት አልቀበልም አሉ፤ በ2025 ሌላ ስምምነት ተደረገ፤ በኖቬምበር 2025 የወንጀል ክሱ ተዘጋ። በፍትሐ ብሔሩ በኩል ኩባንያው ለ302 አደጋ የካሳ ኃላፊነቱን በ2021 ተቀብሏል። የወንጀል ክሱ ጭብጥ ኩባንያው ስለ ኤምካስ ተቆጣጣሪውን አታሏል የሚል ነበር። አራት ሰከንድ ልክ ነበረች ወይ? 99 ከ100 ከየት መጣች? የሚለው ግን በማንም ላይ ክስ ሆኖ አልቀረበም። ታሳቢ ማስቀመጥ በየትም አገር ወንጀል አይደለም። ደብቆ ማስቀመጥስ? እዚህ ላይ የሕግ ሙያ ገና ብዙ ሥራ ይቀረዋል።

እኛም ዘንድ ነገሩ ከአውሮፕላን አልፎ ደጃችን ደርሷል። ዘመናዊ ሞዴል የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች እየበዙ ነው። ውሉን የሚያረቅቁ የሕግ ባለሙያዎች ስለ ክፍያው፣ ስለ ርክክቡ፣ ስለ ዋስትናው ገጽ ሙሉ ይጽፋሉ። ሻጩ የሞዴሉን ታሳቢዎች በጽሑፍ ዘርዝሮ ያስረክባል፣ ሲቀየሩም ያሳውቃል፣ ታሳቢው ከእኛ ሰው ሁኔታ ጋር ባይጣጣም ኃላፊ ይሆናል የሚል አንቀጽ ግን እኔ ያየሁበት ውል በጣም ጥቂት ነው። ይህንን ለማስገባት አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ በውል ሕጋችን ዛሬውኑ ይቻላል።

ባለፈው ሰሞን በአንድ ባንክ የሚሠራ ወዳጄ ለብድር አመልካቾች ነጥብ የሚሰጥ አዲስ ሞዴል ከውጭ እንዳስመጡ በደስታ አጫወተኝ። ደመወዝተኛውን፣ ነጋዴውን፣ የታክሲ ባለንብረቱን በደቂቃ ውስጥ ይለያል አለኝ። "ሠርቶ አዳሪ ነጋዴን በምን ታሳቢ ነው የሚመዝነው?" አልኩት። አያውቅም። "ተጽፎ የተቀመጠበት ገጽ አለ?" አልኩት። ቡናውን አማስሎ አማስሎ፣ "ሻጮቹ ዘንድ ይኖራል" አለኝ።